የሞተር ጀልባ ዋጋ ከግዢው በኋላ ይጀምራል

በአሜሪካ ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ ስድስት ሰው የሚይዝ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ አዲስ አበባ ላይ አንድ አሮጌ ቶዮታ ከሚያወጣው ገንዘብ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፡፡ ያውም ከነተጎታቹ፡፡ ይህን የሰማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያስበው ግልጽ ነው፡፡ ላንጋኖ አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ጣና አለ፡፡ አሜሪካ የሚኖር ወንድም ወይም የአጎት ልጅ የሌለው ቤተሰብም ብዙ አይደለም፡፡ ታዲያ አንድ ጀልባ ተገዝቶ ቢመጣ ምን አለ?

የዚህ ገጽ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፡፡ ዕቃው እንዲህ የረከሰው ለምንድን ነው? ገበያ ላይ ያለምክንያት የሚረክስ ነገር እንደሌለ አንባቢዎቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፡፡ የእዚያ አገር ገዢ ከግዢው በኋላ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ያውቃል፡፡ ባለጀልባዎች በየወደቡ፣ በየክበቡና በየመጽሔቱ ለበርካታ ዓመታት የተለዋወጡት የብልሽትና የጥገና ወሬ ተጠራቅሞ ከመሸጫው ዋጋ ላይ ተቀንሷል፡፡ ይህን ወሬ ሳይሰማ ርካሹን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ኋላ በጥገና ይከፍላል፡፡

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተመው አጭር ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነበር፡፡ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም፡፡ ገዢው መጥፎውን ከደህናው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፡፡ በዚህ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው መሸጥ አይፈልግምና ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል፡፡ ሐሳቡ ሰውዬውን በ2001 ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል፡፡ በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩን ምሳሌው ሁልጊዜ መኪና ነው፡፡ ጀልባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ይገባን ነበር፤ ምክንያቱም የጀልባ ግማሹ ከውኃ በታች፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከተዘጋ ወለል ሥር ነው፡፡

“ብዙ አልተነዳም”

የእኛ አገር የመኪና ደላላ “ኪሎሜትሩ ዝቅተኛ ነው” ካለ ዋጋው ይጨምራል፡፡ ጀልባ ኪሎሜትር የለውም፤ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አለው፡፡ በተለምዶ እንደሚታሰበው በቤንዚን የሚሠራ የጀልባ ሞተር ዋና እድሳት ሳያስፈልገው እስከ 1 ሺህ 500 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል፡፡ ለመዝናናት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው በዓመት 50 ሰዓት ያህል ቢነዳው፣ በስሌት 30 ዓመት ይኖራል ማለት ነው፡፡ በተግባር እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፡፡ ጀልባን ከሥራ ይልቅ ሥራ መፍታት ይጎዳዋል፡፡

ሃያ ዓመት የሆነውና ቆጣሪው 150 ሰዓት የሚያሳይ ጀልባ ለማያውቅ ሰው ሎተሪ ይመስላል፡፡ ሲካፈል በዓመት ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፡፡ በቀረው ጊዜ ሁሉ ቆሟል፡፡ ሲቆም ቤንዚኑ ይረጋል፣ ካርቡራተሩ ይደፈናል፣ ጎማ ነክ ክፍሎች ይደርቃሉ፣ ወደ ሲሊንደሩ የገባው እርጥበት ያዝገዋል፡፡ ልምድ ያላቸው ባለጀልባዎች በየዓመቱ የተነዳና የጥገና ደረሰኙ በተራ የተያዘ፣ 600 ሰዓት የሠራ ሞተር ይመርጣሉ፡፡

ሌላም የሚባል ነገር አለ፡፡ ለዓመት ጥገና የጀልባውን ዋጋ አሥር በመቶ ያዝ ይላሉ፡፡ ይህ ስሌት ለአዲስ ጀልባ ያስኬድ ይሆናል፡፡ ላገለገለ ጀልባ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ጀልባው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፣ የጥገና ወጪው ግን ይወጣል፡፡ በ5 ሺህ ዶላር የተገዛን አሮጌ ጀልባ በዓመት በ500 ዶላር አኖራለሁ የሚል ሰው ሒሳቡን የሠራው በተገላቢጦሽ ነው፡፡ መለዋወጫው ለአዲሱም ለአሮጌውም ዋጋው አንድ ነውና አሥር በመቶው መሰላት የሚገባው ጀልባው አዲስ ሲሆን ከሚያወጣው ዋጋ ነው፡፡

ውኃ የሚጠጣ ሞተር

ጥገናው ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት ከመኪና ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፡፡ የመኪና ሞተር በራዲያተሩ ውስጥ የሚዘዋወር የራሱ ውኃ አለው፡፡ አብዛኛው የመዝናኛ ጀልባ ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ወይም ከባሕሩ በቀጥታ ስቦ በሚያስገባውና መልሶ ከጭሱ ጋር በሚያወጣው ውኃ ነው፡፡ ውኃውን የሚስበው ኢምፔለር የሚባል፣ እንደ አበባ ቅጠል የተከፈለ ትንሽ ጎማ ነው፡፡ ያለ ውኃ ጥቂት ጊዜ ከተሽከረከረ ይቃጠላል፡፡ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከቆየም ቅጠሎቹ እንደታጠፉ ይደርቃሉ፡፡ በየዓመቱ ወይም ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ካልተለወጠ የሚከተለው የሞተር መጋል ነው፤ ርካሹን ጎማ የቆጠበ ሰው ሞተር አስወርዶ ያሳድሳል፡፡

በጨው ውኃ ላይ የሚነዳ ጀልባ ሌላ ጣጣ አለበት፡፡ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ የሚሠራው ከብረት ሲሆን በውስጡ የባሕር ውኃ ያልፋል፡፡ ጨው ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበላዋል፤ በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበት ይባላል፡፡ ከውጭ ሲታይ ቀለም የተቀባ ጤነኛ ብረት ነው፡፡ ከውስጥ ሲበሳ ውኃው ወደ ሲሊንደር ይወርዳል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅምና ሞተሩ ተሰብሮ ይቆማል፡፡ በጨዋ ውኃ ላይ የኖረ ተመሳሳይ ማኒፎልድ ግን ብዙ እጥፍ ይቆያል፡፡ አሜሪካ ውስጥ “ከሐይቅ የወጣ” ጀልባ “ከባሕር ከወጣው” በተሻለ ዋጋ የሚፈለገው ለዚህ ነው፡፡ ከፍሎሪዳ ጠረፍ የሚገዛ ሰው ማኒፎልዱ መቼ እንደተለወጠ ደረሰኝ ሳያይ ዋጋ መጥራት የለበትም፡፡

እ.ኤ.አ በ1959 ቮልቮ ፔንታ ለገበያ ያቀረበውና ኋላም ሌሎች የተከተሉት ስተርን ድራይቭ የሚባል አሠራር አለ፡፡ ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ሆኖ ፕሮፔለሩን የያዘው እግር ከኋላ ወደ ውጭ ይወጣል፡፡ ቀዳዳው ላይ ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የጎማ ሽፋን ነው፡፡ ይህ ጎማ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ኩሺኔታው ይበላሻል፤ ካልተደረሰበት ጀልባው ታስሮ በቆመበት ውኃ ይገባበታል፡፡ ለማያውቀው ሰው የሚገርም ቢሆንም ብዙ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚሰምጡት በማዕበል ሳይሆን ወደቡ ላይ ታስረው፣ ባለቤታቸው ቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው፡፡

የመኪና መለዋወጫ ሲያሳስት

የሚከተለው ጉዳይ በተለይ መለዋወጫ ነጋዴዎችን ይመለከታል፡፡ በርካታ የአሜሪካ ጀልባ ሞተሮች መሠረታቸው የጀነራል ሞተርስ የመኪና ሞተር ነው፡፡ ስለዚህ ሞተሪኖው ወይም ዲናሞው ሲበላሽ የመኪናው ገጥሞ ይሠራል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው፡፡ ይህን ያደረጉ ባለጀልባዎች ብዙ ናቸው፡፡

ሆኖም የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፡፡ መኪና ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ትነቱ ወደ መሬት ወርዶ በነፋስ ይበተናል፡፡ ጀልባ ግን ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ትነቱ ሆዱ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል፡፡ ለጀልባ የተሠራ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆኖ የተዘጋ ነው፤ የመኪናው አይደለም፡፡ የዋጋው ልዩነት የመጣውም ከዚሁ ነው፡፡ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ያለበት የቤንዚን ጀልባ ከመነሳቱ በፊት አየር ማስወጫው ለአራት ደቂቃ ይሥራ የሚለው ማስጠንቀቂያ በየመሪው ሥር የተለጠፈውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ እዚህ ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ በሰው ሕይወት የሚታሰብ ነው፡፡

አምራቹ ሲከስር

ጆንሰንና ኤቪንሩድ የተባሉትን ሞተሮች ያመርት የነበረው አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2000 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፡፡ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ለገበያ ያቀረበው አዲስ የነዳጅ መርጫ ሞተር በተደጋጋሚ በመበላሸቱ ስሙ ተጎድቶ ነበር፡፡ የሞተር ሥራውን የካናዳው ቦምባርዲየር በ2001 ገዛው፤ ከእርሱ የተወረሰው ኤቪንሩድ ደግሞ በ2020 መመረቱ ቆመ፡፡ ኩባንያው በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ የሸጣቸው ኮብራ የሚባሉት ስተርን ድራይቮችማ ከዚያ በፊትም ወላጅ አልባ ሆነው ነበር፡፡

እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው የሚኖረው በባለቤቶች ትብብር ነው፡፡ ከየትኛው ሌላ ሞተር የትኛው ክፍል እንደሚገጥም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ አንዱ ጀልባውን ሲጥል ሌላው መለዋወጫ አድርጎ ይወስደዋል፡፡ ለገበያ ሰው ትምህርቱ አጭር ነው፡፡ በጣም ረክሶ የቀረበ ጀልባ ሲያጋጥም ከቀለሙ በፊት የሞተሩን ስምና የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ይገባል፡፡ ሁለት ጀልባዎች እኩል እየሠሩ አንዱ የሌላውን ግማሽ የሚያወጣበት ሰበብ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል፡፡

አልኮል የገባበት ቤንዚን

የባለጀልባዎች የጋራ ልምድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኢታኖል ጉዳይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፡፡ እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ ኒውዮርክና ኮኔክቲከት የከርሰ ምድር ውኃ ይበክላል የተባለውን አንድ የቤንዚን ቅመም አገዱ፡፡ ነዳጅ አቅራቢዎች በምትኩ አሥር በመቶ ኢታኖል ቀላቀሉ፡፡ ብዙም ሳይቆይ በዚያ አካባቢ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ ጀልባዎች ሞተር ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ይታይ ጀመር፡፡ ሲከፈት ቫልቮቹ ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ተጣብቋል፡፡ እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ወይም መካኒኩን ወቅሶ ያልፍ ነበር፡፡

ችግሩ የአንድ ሰው አለመሆኑ የታወቀው አቤቱታው በአንድ ቦታ ሲከማች ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1966 የተቋቋመው የአሜሪካ ባለጀልባዎች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ቦትዩኤስ፣ ኢንሹራንስ ስለሚሸጥና የአባላቱን ቅሬታ ስለሚቀበል ጉዳዩ ወደ እርሱ መጣ፡፡ በምርመራም ጥፋተኛው የነዳጅ መያዣው ሆኖ ተገኘ፡፡ ሾፌሮቻችን ሰልባትዮ የሚሉት ይህ ዕቃ በእነዚያ ጀልባዎች ላይ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነበር፤ ኢታኖሉ ማጣበቂያውን እያሟሟ ከቤንዚኑ ጋር ወደ ሞተር ይልከዋል፡፡ መያዣውን ለመለወጥ ደግሞ ወለሉ መቆረጥ፣ አንዳንዴም ሞተሩ መውጣት ስላለበት ወጪው ከጀልባው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር፡፡ ትናንት በአሠራሩ ጥራት የሚወደስ ጀልባ በአንድ የነዳጅ ደንብ ምክንያት ገዢ አጣ፡፡

መያዣው ብረት ወይም ፕላስቲክ ለሆነበትም ሰው ቢሆን ኢታኖል አልተመቸም፡፡ ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ጀልባ ደግሞ ከእርጥበት ተለይቶ አያውቅም፡፡ አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መያዝ የሚችለው ውኃ ግማሽ በመቶ ያህል ነው፡፡ በ100 ሊትር ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ከገባ ኢታኖሉና ውኃው ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉ፣ ወደ ታችም ይሰፍራሉ፡፡ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው፡፡ ከላይ የቀረው ቤንዚንም ኢታኖሉን በማጣቱ ኦክቴኑ እስከ ሦስት ነጥብ ይወርዳል፡፡ መኪና በሳምንት አንዴ ስለሚቀዳ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም፤ ወራት የቆመ ጀልባ ግን ይሰጣል፡፡ መድኃኒቱ ውኃን ከነዳጅ የሚለይ ማጣሪያ መግጠምና ነዳጅ አለማቆየት ነው፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2010 እና በ2011 አሥራ አምስት በመቶ ኢታኖልን ለአዳዲስ መኪናዎች ሲፈቅድ ጀልባዎችን ለይቶ ከልክሏል፡፡

ይህን በዝርዝር ያቀረብነው ነገሩ የሩቅ አገር ስላልሆነ ነው፡፡ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል አምስት በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም ወደ አሥር በመቶ አድጎ ነበር፡፡ ድብልቅ ቤንዚን ባለበት ጊዜ ሁሉ ከከተማ በጄሪካን ተቀድቶ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ነዳጅ የሚያመጣውን ጣጣ የሎንግ አይላንድ ሰዎች አስቀድመው አይተውታል፡፡

መዶሻና ቀብድ

አሜሪካኖቹ ለአከርሎፍ ችግር ያገኙት መፍትሔ የእኛን ደላሎች ሊያስቀና ይችላል፡፡ ገዢው ብዙውን ጊዜ አሥር በመቶ ቀብድ ይከፍላል፤ ቀብዱ በደላላው እጅ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፡፡ ውሉ የሚጸናው ገዢው በራሱ ወጪ የቀጠረው መርማሪ ጀልባውን ካየና ውኃ ላይ ከተሞከረ በኋላ ነው፡፡ መርማሪው ከኋላ ያለውን ግድግዳና ወለሉን በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፡፡ የብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች የፋይበር ግላስ ሽፋን ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ያበሰበሰው እንጨት ድምፁ የደነዘዘ ነው፡፡ ሞተሩን የሚሸከመው ግድግዳ ከበሰበሰ ጀልባው አለቀ፡፡ እዚያ ያለው ዘመድ ለመርማሪ የሚከፈለውን ብር ለማትረፍ በስልኩ ፎቶግራፍ አንስቶ ቢልክ ይህን አያሳይም፡፡

ወደ እኛ ሐይቆች ሲመጣ

እዚህ ሲደርስ ጀልባው እዚያ ያልነበሩበት ችግሮች ይገጥሙታል፡፡ የመጀመሪያው ከፍታ ነው፡፡ የሞተር ጉልበት የሚለካው በባሕር ጠለል ላይ ሲሆን በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሦስት በመቶ ያህል ይቀንሳል፡፡ ጣና 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ ከ82 ብዙም አይበልጥም፡፡ ፍሎሪዳ ላይ ስድስት ሰው ይዞ ከውኃው ቀና ብሎ ይበር የነበረው ጀልባ ጣና ላይ አፍንጫውን ቀስሮ ውኃ ሲገፋ ይውላል፤ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ያረጃል፡፡ የሚበጀው የቅጠሎቹ ዝንባሌ ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም ነው፡፡ ካርቡራተር ያለው ከሆነ ነዳጁም መቀነስ አለበት፡፡

ሁለተኛው ማዕድን ነው፡፡ ከሞተሩ እግር ላይ የአሉሚኒየም አካሉን ለማዳን ብሎ ራሱ የሚበላ ቁራጭ ማዕድን ይታሰራል፡፡ ለባሕር ዚንክ፣ ለጨዋ ውኃ ማግኒዥየም ነው፡፡ ከባሕር የመጣው ጀልባ ዚንኩን እንደያዘ ጣና ላይ ቢወርድ ዚንኩ ቅርፊት አውጥቶ ሥራ ያቆማል፤ የሚበላው እግሩ ራሱ ይሆናል፡፡ ባለቤቱ ቁራጩ ሳያልቅ ስለሚያየው ደኅና ነኝ ብሎ ይቀመጣል፡፡

ደለሉም አለ፡፡ የላንጋኖ ውኃ ቡናማ የሆነው በውስጡ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው፤ በኢምፔለሩ በኩል በሚያልፍበት ጊዜ ፓምፑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፡፡ ጣና ላይ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ ወዲህ የታየው እምቦጭ የውኃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ ሥሩም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፡፡ አሜሪካ ውስጥ በታተመ የጥገና መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የጊዜ ሰሌዳ እዚህ እንዳለ መከተል አይቻልም፡፡ ከባሕር ዳር ጎብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት፣ ጫሞ ላይ አዞ የሚያሳዩት ባለጀልባዎች ሞተራቸውን ከዓመት ዓመት የሚሠሩበት በመሆናቸው ኢምፔለር በስንት ጊዜው እንደሚያልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፡፡ ባለሀብቱ ዶላሩን ከመላኩ በፊት ባሕር ዳር ሄዶ ከአንዱ ጋር ቡና ቢጠጣ የሚያወጣው የትራንስፖርት ብቻ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ተነግሮትም እገዛለሁ ለሚል ሰው፣ ዘመዱ ከጀልባው ጋር አብሮ እንዲገዛለት የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም፡፡ አራት ወይም አምስት ኢምፔለር ከነጓርኒሲዮኑ፣ ሁለት ሙሉ ስብስብ የማግኒዥየም ቁራጭ፣ የውኃ መለያ ማጣሪያ፣ የጎማው ሽፋን፣ ዝንባሌው ያነሰ አንድ ፕሮፔለር፡፡ ከፕሮፔለሩ በስተቀር ሁሉም በአንድ ሻንጣ ጥግ ይገባል፡፡ የተሰበረ ሞተር ግን በሻንጣ አይመጣም፡፡